ፓምፕ የማያውቀው የፓምፕ መምህር

የመምህር ይመርን ሞት የነገረኝ ስልኬ ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የአንድ ገበሬ ፓምፕ ፈትቼ፣ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ሆኖ ሳለ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። በልብሴ ጠራርጌ ስከፍተው፣ እሱ ራሱ ለተማሪዎቹ ባበጀው የመልእክት ገጽ ላይ «መምህራችን ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ፤ ቀብራቸው በስምንት ሰዓት ነው» ይላል። ከሥሩ ሃያ ምናምን ሰው አውራ ጣት አንሥቶበታል። ሞት ሲነገረው አውራ ጣት የሚያነሣ ተማሪ ያፈራ ሰው ነበር ይመር። በሕይወት ኖሮ ይሄን ቢያይ ደግሞ አይቆጣም፤ ስንት ሰው እንዳነበበው ነበር የሚቆጥረው።

ለልጄ ለሰዓዳ ደወልኩላት። ሐይቅ ዳር ሽንኩርቷ መሐል ነበረች፤ ከጀርባዋ የፓምፗ ድምፅ ይሰማል። ነገርኳት። ነፍስ ይማር አለች፤ ቀብር ግን አልሄድም አለችኝ። «ብሄድም ለይሉኝታ ነው የምሄደው፤ ይሉኝታን ደግሞ አንተ ራስህ አትወድም፣ አባ» ብላ ዘጋችው።

ለምን እንደማትሄድ አውቃለሁ። ግራ እጇ ላይ፣ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ፣ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። ያንን ያመጣባት ይመር እንደሆነ ታምናለች። እንድታምን ያደረግኳት እኔ ነኝ። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄያት ኖሬያለሁ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ካልነገርኳት ሰውዬው የማይገባውን ኩርፊያ ይዞ ይቀበራል።

ይህን ስል ይመር የተመሰገነ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ሰው በሞተ ቁጥር ያልነበረውን መልካምነት የሚደርቡለት ሰዎች አሉ፤ እኔ ያንን ውሸት እላለሁ። ይመርን እንቀው ነበር። ዛሬም ሁሉን አልተውኩለትም።

እኔ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ስሜ መሐመድ ነው፤ አያ ሙሄ ይሉኛል። ትምህርት ቤት የገባሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ከተጣለ ጋዜጣና ከማሽን መመሪያ ወረቀት ለብቻዬ ለቅሜዋለሁ። ስለዚህ ብዙ ተምረው እጃቸው ባዶ የሆነ ሰዎችን መታገሥ አልችልም። ይመር የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጡረታው ሳይደርስ ትቶ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ ኮምፒውተር ማስተማር ጀመረ። ቡናማ ኮትና ቀይ ክራባት ያደርጋል፤ ዝናብም ይሁን ፀሐይ ያው ክራባት ነው። እጅ ከጨበጠኝ በኋላ መሐረቡን ያወጣና ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርጋል፤ ዞር ብሎ እንኳ አይደለም፣ እዚያው ፊት ለፊቴ። ነገር ሲያስረዳ ጠቋሚ ጣቱን አየር ላይ ይጫናል፣ የማይታይ ቁልፍ እንዳለ። «ተጫን፣ ቀጥል» ይላል። የኑሮ ችግር ብትነግረው፣ የሚስት ጠብ ብትነግረው፣ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ተጫን፣ ቀጥል። በዕድሜ ስለምበልጠው እርስዎ ይለኛል። እኔ አንተ እለው ነበር። ለመምህርነቱ አንቱታ ይገባው እንደነበር አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያልሰጠሁት።

አንድ ቀን ሱቄ መጣና ኢንተርኔት ላይ ኮርስ የሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር እንዳገኘ ነገረኝ። ማንም አላስተማረውም፤ ለብቻው እየነካካ ነው የለመደው። ይሄን ሲነግረኝ ደረቱን ነፋ፤ እኔ ደግሞ ከሱ ጋር የምመሳሰልበት ነገር በመኖሩ ተናደድኩ። ያሰበው የፓምፕ ኮርስ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰው ሁሉ ፓምፕ እየገዛ ሐይቁ ዳር መሬት ይከራያል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል፣ በወሩ ፓምፑን ገድሎ እኔ ዘንድ ያመጣዋል። ያ እውነት ነው፤ እኔም ከሱ ነው የምበላው።

«አያ ሙሄ፣ ያለዎትን ዕውቀት ለአርባ ሰው እናካፍለው» አለኝ።

«የኔ ዕውቀት መዳፌ ላይ ነው ያለው። እንዴት አድርገህ ነው ስልክ ውስጥ የምትከተው?»

«ሦስት ሦስት ደቂቃ እያረግን ከቆራረጥነው ይገባል።»

ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ሥራ እንደ ጎመን ሊከትፈው ነው። እሺ ማለት አልነበረብኝም። ግን ፊቴ በአርባ ሰው ስልክ ላይ እንደሚታይ አሰብኩና እሺ አልኩ። እኔም እንደዚያ ነኝ።

ለቀረጻው ሐይቁ ዳር ወረድን። ከቦርሳው ነጭ ጋውን አወጣ፣ ሐኪም የሚለብሰው ዓይነት። ፓምፕ የሚፈታ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተማሪው ያከብረዎታል አለኝ። ለበስኩት። መጀመሪያ ያሳየሁት ዋናውን ነገር ነው፤ ፓምፕ ከመነሣቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት አለበት። ሆዱ ባዶ ሆኖ ከተነሣ በደረቁ ይሽከረከራል፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ፣ ይነድዳል፣ ብረቱ ይግላል። በጆግ ስሞላ ውሃውና ጭቃው ጋውኑ ላይ ተረጨ። ጨረስን፣ ሄደ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቆራረጠው። በኋላ ሳየው የውሃ አሞላሉ ክፍል የለም። ጋውኑ ቆሽሾ ስለሚታይ አወጣሁት አለኝ። ነገሩን በጥያቄ አካትቼዋለሁ፣ አይጨነቁ አለኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን። የሞተሩን ድምፅ አጥፍቶ በክራር የሚመታ የአምባሰል ዜማ አስገብቶበታል። ፓምፕ በጆሮ ነው የሚታወቀው፤ ሲታፈን፣ አየር ሲስብ፣ ሊሞት ሲል፣ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። ይመር የበሽተኛውን ትንፋሽ ዘግቶ ዘፈን ከፈተልኝ። የኮርሱ መግቢያ ላይ ፓምፕ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ የራሱ ፎቶ ነው፣ ከነክራባቱ። ሰርተፊኬቱ ላይ የሱ ፊርማ ከተማሪው ስም ይበልጣል። ሁሉንም ደርድሮ ሲጨርስ ኮርሱ ለተማሪ እንዲወጣ የሚያደርገውን ቁልፍ አማትቦ ተጫነው፣ ታቦት እንደሚያወጣ።

ያኔ ሰዓዳ ከጅዳ ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ባመጣችው ገንዘብ ፓምፕ ገዛች፣ ሐይቁ ዳር መሬት ተከራየች። አንድ ቀን ሱቅ መጥታ፣ አባ አስተምረኝ፣ በየቀኑ አንተን ልጠራ አልችልም አለችኝ። አንቺ አትንኪው፣ ሲበላሽ እኔ አለሁ አልኳት። ሴት ልጅ ግራሶ ውስጥ ምን ይሠራላታል አልኩ፤ ለጎረቤትም ይህንኑ ነው ያልኩት። ሌላ ምክንያት ግን ነበረኝ። አራት ዓመት ያለ እኔ ኖራ መጥታለች። ፓምፑንም ያለ እኔ ካወቀችው ለምን ትፈልገኛለች? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ኮርሱ ላይ ተመዝግባ ኖሯል፤ እኔ የማንቋሽሸው ነገር ስለሆነ ደበቀችኝ።

ስለ ተማሪዎቹ ላውራ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ተፈትኖ ካላለፈ ቀጣዩን ትምህርት አይከፍትለትም። ይመር በዚህ ይኮራ ነበር። የኛ ሰው ግን ጎረቤቱን ጥሎ ብቻውን ማለፍ አያውቅበትም። ደቦ አወጡለት። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ዛፍ ሥር፣ ኔትወርኩ ደህና ስለሆነ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። መጀመሪያ የአንዱን ስልክ ይዘው ፈተናውን ይሞክራሉ፤ ቀይ ሲሆን ሌላውን ይነካሉ፣ አረንጓዴ ሲሆን ሁሉም ያንኑ ይይዛል። ከዚያ የእገሊትን፣ ከዚያ የእገሌን። እህል እንደሚያጭዱ ፈተናውን አጭደው ወደየቤታቸው ይገባሉ። አንዱን ባለ ባጃጅ ምን ተማርክ ብዬ ጠየቅኩት። «አብሽር አያ ሙሄ፣ አለፍን እኮ» አለኝ። ይመር ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ አርባ አንድ ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ማምጣቱን እያየ እንዴት ያለ አስተማሪ ነኝ ይላል። አንድም ቀን አልጠረጠረም።

እኔንም መዝግቦኛል። የኮርሱ የመጀመሪያ ተማሪ አደረግኩዎት አለኝ፣ እንደ ክብር። ያስተማርኩትን ልማር ማለት ነው። ስህተት ለመልቀም ብዬ ገባሁ፤ ለሌላ አይደለም። ስድስተኛው ትምህርት ላይ ሦስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ የፓምፑ ሆድ በውሃ የሚሞላው መቼ ነው? አንዱ መልስ «ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት» ነው፣ ከሥሩ ያለው «ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ»። የመጀመሪያውን ነካሁ። ቀይ ሆነ። የተሳሳትኩ መስሎኝ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ነካሁት። ቀይ። ሁለተኛውን ስነካ አረንጓዴ ሆነና የጭብጨባ ድምፅ አሰማኝ። «ጎበዝ፣ ትክክል ነው» ይላል።

ብቻዬን ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት። ጥያቄውን ሲያዘጋጅ ትክክለኛውን መልስ ለማሳወቅ ከፊቱ ያለውን ክብ መጫን ነበረበት፤ አንድ መሥመር ዝቅ ብሎ ተጭኖ ሳያይ ሄዷል። ይህ ሁሉ ፊርማ፣ ይህ ሁሉ ክራባት። ስልክ አንሥቼ ይመር፣ ስድስተኛውን አርመው ማለት ነበረብኝ። ከእኔ የሚፈለገው ያቺ አንድ ቃል ነበረች። አላልኩም። ሰርተፊኬት የሚሰጥበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። ያን ቀን በሰው ፊት ቆሜ ይቺን ጥያቄ ላነብለት ወሰንኩ። እንዴት እንደምናገር ሥራ ላይ ሆኜ እለማመድ ነበር። የት ላይ ዝም እንደምል፣ የት ላይ ወደሱ እንደምዞር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አሥር ቀን።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰዎች ሮጠው መጥተው ጠሩኝ። ሰዓዳ የሽንኩርት መደቧ ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ ግራ እጇን በሻሿ ጠቅልላ። ፓምፑ አጠገቧ ነው፤ የተቃጠለ ጎሚኒ ይሸታል፣ ሆዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከትናንት በስቲያ የተከለችው ችግኝ ፀሐይ ላይ አንገቱን ደፍቷል።

«እንደ ኮርሱ ነው ያደረግኩት፣ አባ» አለችኝ። አታለቅስም። «አስነሣሁት፣ እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ ውሃ ሳፈስበት ፈነዳብኝ።»

የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። እንፋሎቱ ነው እጇን የላጠው።

ሐኪም ቤት አድርሻት በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ነበሩ። ይመር ቆሞ እያስተማረ ነው፤ ጣቱ አየር ላይ። እንዴት እንደጮህኩ አልደብቅም። የልጄን እጅ የላጥከው አንተ ነህ አልኩት። ገጹን እንዲከፍት አደረግኩና ሦስተኛውን ጥያቄ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዝኩት። አነበበ። መልሱን አየ። ከንፈሩ ሲነጣ አየሁ።

«ይሄ ጂኦግራፊ መሰለህ? አንተ ሰሜኑን ደቡብ ብትለው ተራራው ቆሞ ያይሃል። ፓምፕ ግን ይፈነዳል» አልኩት። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጣፈጠኝ። ልጄ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ያችን ተረብ ስናገር አፌ ላይ ጣፈጠችኝ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ ይመር።  እኔ ግን ቀድሜ አውቄ እንደነበር አልተናገርኩም።

ወዲያው ክቡን አስተካከለው። ከዚያ ለተማሪዎቹ ሁሉ መልእክት ላከ፤ ስድስተኛው ትምህርት ላይ ስህተት አለ፣ ተመልሳችሁ እዩት ብሎ። አውራ ጣቶች ተነሡ። ማንም ተመልሶ አላየም፤ ያለፉት ፈተና ነዋ። ይመር በማግስቱ ሱቄ መጥቶ፣ የተማሪዎቹን ዝርዝር በወረቀት ገልብጦ፣ አርባ አንዱንም ቤት በእግሬ ልዞር ነው፣ እኔ በአፌ እናገራለሁ፣ እርስዎ በእጅዎ ያሳዩልኝ አለኝ። እሺ አልኩ። ሲዋረድ ማየት ፈልጌ ነው።

ሦስት ቀን ዞርን። የመጀመሪያው ቀን ሐይቁን ዳር ዳር ነው፤ ያ ኮት በሸንበቆው መሐል ሲሄድ አስቡት። ጫማው ጭቃ ሆነ፣ ክራባቱን ግን አላወለቀም። በየበሩ ቆሞ ያንኑ ይላል፤ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ መጀመሪያ ውሃ ነው የሚሞላው። አንድም ቦታ ሶፍትዌሩ ነው አላለም። ኔትወርኩ ነው አላለም። ለማለት ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? ሰው ሲዋረድ ለማየት የሄደ ሰው፣ ያ ሰው ውርደቱን እንደ ዕቃ ተሸክሞ በየበሩ ሲያወርድ ሲያይ ቶሎ ይሰለቸዋል። በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝ።

በሦስተኛው ቀን አምባሰል ግርጌ ወጣን። እዚያ ከወንዝ በፓምፕ የሚያጠጡ አንዲት ሴት አሉ፣ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። ይመር ንግግሩን ሲጨርስ ሴትዮዋ አዘኑለት።

«ኧረ መምህር፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዳገት የወጡት? እኛ እኮ ድሮም ውሃውን መጀመሪያ ነው የምንሞላው። ያችን ለፈተናው ብለን ነው የነካናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዴ፣ መምህርን ተሳስተሃል ይባላል? ነውር አይደለም እንዴ?»

ከዚያ በፊት በነበሩት ቤቶችም እንዲሁ ሲያድበሰብሱት የነበረው ይህንኑ ነው። ፓምፕ የሚያውቀው ሁሉ መልሱ ስህተት እንደሆነ ያውቃል። ይመርን እንዳያሳፍሩ ብለው አረንጓዴውን ይዘው ዝም አሉ። ያላወቁት ከዓረብ አገር የመጡት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ከዚህ በፊት ፓምፕ ነክተው የማያውቁት፤ ከነሱም ቀድማ የሞከረችው ሰዓዳ ሆነች። የዚህን አገር ሰው ጨዋነት እንቃለሁ። ሰውን ላለማሳፈር ሰው የሚያስቃጥል ጨዋነት ነው። ግን እነሱ ለይመር አዝነው ነው ዝም ያሉት። እኔ ዝም ያልኩት ቀኑን ጠብቄ ላዋርደው ነው። ሴትዮዋ ያንን ሲናገሩ መሬት መሬት ነበር የማየው።

ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ሚኒባስ ጠበቅን። ይመር መነጽሩን ጠርጎ ስልኩን ከፈተ። ሶፍትዌሩ መዝገብ አለው። ማን መቼ እንደገባ፣ የትኛውን እንደነካ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረ፣ ሁሉን ይጽፋል። የኔን ስም አውጥቶ አሳየኝ።

«ሁለት ጊዜ ትክክሉን ነክተዋል፣ አያ ሙሄ። በሦስተኛው የኔን ስህተት። ሰዓዳ ከመጎዳቷ አሥራ አንድ ቀን በፊት ነው።»

መቼ እንዳየው ጠየቅኩት። አዳራሹ ውስጥ ስጮህበት፣ ክቡን ለማስተካከል ገጹን ሲከፍት ነው ያየው። ይህን እያወቀ ነው ሦስቱን ቀን አብሮኝ የዞረው። ያኔ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«ብናገር ግማሹ ይቀልልኝ ነበር። ክቡን የተጫንኩት ግን እኔ ነኝ።» ይህንን ሲል እንኳ ጣቱ አየር ላይ ተጫነ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ለሰዓዳ አልነግራትም። የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።»

ሚኒባሱ መጣ። ተሳፈርን።

አንባቢ እዚህ ላይ ልቤ ተነካ እንድል ይጠብቅ ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ ጠላሁት። ሰው ጉድህን ካወቀብህ በኋላ ዝም ሲልልህ ከመሰደብ ይብሳል። መንገድ ላይ ሳየው ወደ አስፋልቱ ማዶ እሻገር ነበር። ሰዓዳ ሰላምታ ነሣችው፤ ይመር ግን ባገኛት ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይላታል፣ እሷ አትመልስም፣ እሱም ለምን አይልም። እኔ ሱቄ ውስጥ ለመጣው ገበሬ ሁሉ፣ ልጄን ያቃጠላት ያ ክራባታም ነው እያልኩ ነገርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ። የፓምፑን ሆድ አስበይጄ፣ ጎሚኒውን ቀይሬ መለስኩላት፤ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር አለችኝ። ያን ምስጋና ተቀበልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልጨመርኩ ሐቅ ይጎድላል። ይመር ስድስተኛውን ትምህርት እንደገና ቀረጸው። እኔን ሲጠይቀኝ ሥራ አለኝ አልኩት። ራሱ ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ክራባቱ ጆግ ውስጥ እየገባ ሞላው። ግማሹን ውጭ ነው ያፈሰሰው። ቱቦውን የያዘበት አያያዝ ያሳፍራል፤ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ምንም ሳይቆርጥ፣ ያለ ክራር፣ ስምንት ደቂቃውን እንዳለ አወጣው። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ይሰማል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እጁ ላይ ያለው ሁሉ ስህተት ነው። ግን ውሃውን መጀመሪያ ሞልቷል።

ያ መልእክት በመጣ ቀን የአርዲቦውን ሰው ፓምፕ እንደተፈታ ትቼ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰዓዳ ቦይ እየከፈተች ነበር፣ ውሃውን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየመራች። መደቡ ጫፍ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ሳላሳጥር፣ ሳልቆራርጥ። ቀይ መሆኑን፣ ደግሜ መንካቴን፣ መሳቄን። ንግግር እለማመድ እንደነበርም ነገርኳት። ይመር እንደሚያውቅና እንደደበቀልኝ ነገርኳት። እሷ አካፋዋን ይዛ ወደ ውሃው ነበር የምታየው።

ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስንት ቀን?»

«አሥራ አንድ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ የአንድን ዕቃ ዋጋ ሲነግሯት እንደምታደርገው። እጅጌዋን አውርዳ ጠባሳውን ሸፈነች። ወደ ቦዩ ወርዳ እግሯን ታጠበች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ሻሿን አስተካከለች። እኔም አብሬያት ልሄድ ግራሶዬን በአፈር መፈተግ ጀመርኩ።

«አንተ እዚህ ቆይ፣ አባ» አለችኝ። ድምፅዋ አልከፋም፤ ሠራተኛ ስታዝ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። «ውሃው ያን የመጨረሻውን መደብ አልጨረሰም። እስኪጨርስ ጠብቅና ሞተሩን አጥፋልኝ። ወደ ቀብሩ እኔ እሄዳለሁ።»

ወደ አስፋልቱ ስትወጣ አየኋት። ዞር አላለችም። እኔ ቀኝ እጄን የቦዩ አፍ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ፣ ውሃው ገና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ የሚመጣው ሰው ይጠይቀኛል። አያ ሙሄ፣ ሐይቅ ያለ ሰው ሁሉ የወጣበት ቀብር ላይ አንተ ብቻ ቀረህ፣ እስከ መቃብር ነው እንዴ ቂምህ ይሉኛል። ለእያንዳንዱ እየነገርኩ መጨረስ ስላልቻልኩ ጻፍኩት። ቂም ይዤ አይደለም የቀረሁት። ልጄ ሞተሩን ጠብቅ ስላለችኝ ነው።